እስከ ጉልበት ድረስ

ገላን፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ከጎሚስታው አጠገብ፣
ጎማ በውሃ ግፊት፣ ሻንሲ በሳሙና ሳጥብ፣
አስራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ሁሉ ያውቀኛል፤
ጭቃው ከየት እንደ ሆነ ቀለሙ ይነግረኛል፤
ግራጫው የሚሌ ነው፣ ቀላ ያለው የአዋሽ።
ያ ነጭ ቅርፊት ግን፣ ከስር እንደ እከክ የያዘው፣
እሱ ነው ግራ የሚያጋባኝ፣ እሱን ነው የምወደው።
አንድ ቀን ፋቅ አድርጌ፣ ዞር ብዬ፣ ሰው ሳያይ፣
ምላሴ ላይ አኖርኩት።
ጨው።
ባህር ነው ለካ ይሄ፣
እዚህ ድረስ መጥቶ በፓራፋንጎ ላይ።

ይህን ሁሉ ምድር አቋርጦ ከጠየቀኝ፣
ብድር መመለስ ነው፤ መሄድ ነው የቀረኝ።

በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ ዕቅድ ጻፍኩ፤
ባቡር ከለቡ። አንድ ሰው። ሦስት ቀን።
ፓስፖርት (ተሰለፍኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሜ ተሰለፍኩ)።
ገንዘቡን ዲንቄ ሰፋችው፣ ከወገቤ ውስጥ፣ በድርብ ክር፣
«ሌባው ሱሪህን ካልወሰደ ብርህን አያገኝም»
ብላ፣ ሳትስቅ፣ በቁም ነገር።

ሰፈሩ ሰማ። መካሪ በዛ።
ጋሽ ጥላዬ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ከሁሉም ቀድሞ መጣ፦
«የዚያ አገር ፀሐይ ሰው አያውቅም፤ ቀትር ላይ እንዳትወጣ።
ውሃ ሳይጠማህ ጠጣ። ወደቡን ፎቶ እንዳታነሳ።
ዋናው ፓስፖርት ከደረትህ፣ ኮፒው ካልሲህ ውስጥ፤ አትርሳ።
ሆቴል ስትገባ አልጋውን ተወውና መውጫውን እይ፤
ዋጋ ሳትቆርጥ እንዳትቀመጥ ታክሲ ላይ።»
ጋሽ ጥላዬ ራሱ ከሞጆ አልፎ አያውቅም፤
ምክር ግን ቪዛ አይጠይቅም።

ኸድርን ጠየቅሁት፣
ታኮው ላይ ቁጭ ብሎ ከጫማው አሸዋ ሲያራግፍ።
ሁለት መቶ ጊዜ ሄዷል፤ ከዚያም ሳይተርፍ አይቀርም።
«ባህሩ እንዴት ነው?»
ሁለተኛውን ጫማ አወለቀ።
«አጥር አለው» አለኝ።
«ወረፋ አለ። ታርጋ ይጠራል። ኮንቴነር ይጫናል።
እኔ ከተሳቢው ስር ጥላ ፈልጌ እተኛለሁ።
ሽታውን አውቀዋለሁ፤
እግሬን ግን አንድም ቀን ነክሬው አላውቅም።»

ማታ ከረጢቱን አወጣሁ፤
«አንድ ሰው» የሚለውን ሰርዤ «ሁለት» አልኩ፤
ብሩ ስላልበቃ ሦስቱን ቀን ወደ ሁለት ቀነስኩ።

ዋና አንችልም፣ ሁለታችንም።
እሱ የወራቤ ልጅ ነው፤
እኔም ያደግሁበት የአቃቂ ወንዝ
ሰው ሳይሆን ቆዳ የሚነከርበት ነው።
ይህን በጨዋታ መሃል ሳወራ ሰምታ፣
ሲፈን፣ የስምንት ዓመቷ ልጄ፣ ጠመኔ ይዛ መጣች ማታ።
«ቁም» አለችኝ። ቆምኩ።
ተንበርክካ፣ ምላሷን በከንፈሯ ይዛ፣
የመሄጃ ሱሪዬ ላይ፣ ልክ ከጉልበቴ በታች፣
ዙሪያውን ነጭ መስመር አሰመረች።
«ባህሩ እዚህ ሲደርስ ትመለሳለህ።»
«ማዕበል ቢመጣስ?»
አሰበች።
«እሱንም መስመሩን አሳየው።
ለኸድርም አሰምርለታለሁ፣ ነገ ሱሪውን ያምጣው።»

ባቡሩ ሐሙስ ነው።
ሱሪው ከበሩ ጀርባ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል።
በእነዚህ እጆች ስንት ነገር ታጥቧል፤
ግራሶ፣ ጭቃ፣ ጨው፣ አንዴም ደም፤
ያላጠብኩት የለም።
ትናንት ዲንቄ አውርዳ ከሳሙናው ልትነክረው ስትል
እጇን ያዝኳት።
«ተይው» አልኳት፣ «ቆሽሾ አይደለም።»